ከደሴ ሰማይ የፈነዱ ከዋክብትና አቧራቸው

ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ መሃሉ ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ውጪው ደግሞ በሰከንድ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይበተናል። ሱፐርኖቫ የሚባለው ይህ ነው። ፍንዳታው ለጥቂት ወራት አብርቶ ይደበዝዛል። ለእኔ ግን ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የተበተነው ጋዝ እየሰፋ ሲሄድ ይቀዘቅዛል። በውስጡ ያሉት እንደ ካርቦንና ሲሊከን ያሉ ንጥረ ነገሮች ተያይዘው ደቃቅ አቧራ ይሆናሉ። አቧራው ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ይጋርዳል፤ የዋጠውን ጉልበት ግን በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር፣ መልሶ ይለቃል። በደሴ ብርድ ቡና የተፈላበት ከሰል ከጠቆረም በኋላ እጅ እንደሚያሞቅ ማለት ነው።

በደንብ የተጠናው ሱፐርኖቫ 1987ኤ ነው። ብርሃኑ ምድር የደረሰው የካቲት 1979 ዓ.ም. ነው። የፈነዳው ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ፣ ወደ 168,000 የብርሃን ዓመት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ርቀት ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ይህ ጋላክሲ ከደቡብ አድማስ ከ10 ዲግሪ በላይ ብዙም አይወጣም። በጥር ምሽት ሊፈልገው የወጣ ሰው ደቡቡን ተራራ ያልጋረደበት፣ የከተማ መብራት የራቀበት ቦታ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኸርሼል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በ1987ኤ ፍርስራሽ ውስጥ ያገኘው አቧራ ሁሉንም አስገረመ። ክብደቱ የፀሐይን ግማሽ ያህላል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይህን ከደሴ ሆኖ መለካት አይቻልም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ይውጠዋል። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የራቀውም በዋናነት ከምድር ሙቀት ለመሸሽ ነው። መስታወቱ 6.5 ሜትር ስፋት አለው።

ዌብ ካነሳቸው የፈነዱ ከዋክብት ፍርስራሾች አንዱ ካሲዮፔያ ኤ ነው፤ 11,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። የሚገኝበት ኅብረ ከዋክብት በግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንግሥት በነበረችው በካሲዮፔያ የተሰየመ ነው። በጥቅምት ምሽት ከደሴ በስተሰሜን ከፍ ብሎ ይታያል። የፍንዳታው ፍርስራሽ ራሱ ግን በዓይን አይታይም። እዚያ ወደ ኋላ የሚመለስ የግጭት ሞገድ አቧራውን እየመታው ነው። ከዚህ ምት ምን ያህሉ ተርፎ ለአዳዲስ ከዋክብትና ፕላኔቶች መሥሪያ እንደሚሆን ተመራማሪዎች ገና እየተከራከሩበት ነው።