ብራቾ ምንድን ነው? ሲዝግስ ለምን አይበየድም?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ መኪና ጥገና ሲመክር ሰማሁ። «የኋላ ብራቾ ዝጎ ከሆነ አትደንግጡ። ዝገቱን አስፈግፍጉና ላሜራ አስለጥፋችሁ አስበይዱት። ክንዱ የተሰበረ ሰው ወጌሻ አስሮለት ይድን የለ?» ይላል። ይህን ነገር እዚህ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ደንበኛም ይለዋል፣ ሾፌርም ይለዋል፣ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼም ይሉታል። ዛሬ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ብራቾ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ክንድ ማለት ነው። እንደ ካምቢዮና እንደ ባሌስትራ ከጣሊያኖቹ የቀረልን ነው። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ሾኩ ንዝረቱን ያበርዳል። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ ከቦታው እንዳይወጣ የሚይዘው ግን ብራቾ ነው። ሁሉም መኪና ከኋላ ብራቾ አለው ማለት አይደለም። ቪትዝ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወፍራም ብረት ነው ያለው። ሃይሉክስ ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ነው። የድሮው መርሰዲስ 190 ደግሞ ለእያንዳንዱ የኋላ ጎማ አምስት አምስት አለው።

ወደ ወጌሻው ልመለስ። ወጌሻን አከብራለሁ፤ ልጅ ሆኜ የወለቀ እጄን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ነገር ግን አጥንት ሕይወት አለው። ደም ይደርሰዋል። ወጌሻው አቃንቶ ካሰረው፣ የቀረውን ሥራ አጥንቱ ራሱ ይሠራዋል። ብረት ይህን አያውቅም። ዝገት ብረቱ ላይ የተቀመጠ ቆሻሻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ዝገት ራሱ ብረቱ ነው፤ ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሌላ ነገር ሆኗል። በብሩሽ ስታራግፉት የምታራግፉት ብራቾውን ነው። የሄደው ሄዷል፣ ተመልሶ አይበቅልም።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። ዝገት ከተነሣበት ብረት በብዙ እጥፍ ይፋፋል። ስለዚህ የበሰበሰው ቦታ ከደህናው ይልቅ ወፍራም ሆኖ ይታያል። «ገና ብዙ ብረት አለው» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ብራቾዎች ወፍራም ድፍን ብረት አይደሉም። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የሚሆን ላሜራ ተጣጥፎ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ክረምት ላይ ከዘጌ የመጣ መኪና ሥር ገብታችሁ ብታዩ፣ የውሃ ማውጫዋ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍናለች። ውስጡ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ እንደሆነ ይከርማል። ቀለም ደግሞ የሚቀባው ውጭውን ነው።

አንድ አሮጌ የቤት መኪና መጣልኝ። ባለቤቱ «ከኋላ ኳ ኳ ይላል፤ ሾክ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ሾኩ ደህና ነበር። የግራው ብራቾ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። በትንሽ መዶሻ የቀኙን ስመታው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የግራው ግን እንደ እርጥብ እንጨት ድፍን ያለ ድምፅ አወጣ። ካቻቢቴ ከሥሩ ገፋ ባደርግበት እስከ ግማሹ ድረስ ገባ። ሳወጣው ጫፉ ላይ ቀይ ጭቃ ይዞ ወጣ። ቀለሙን ስፍቀው ሁለት ጣት የሚያህል ላሜራ ተበይዶበት አገኘሁ። ብየዳው አልተለቀቀም። የተሰነጠቀው ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ነበር።

አዎ፣ ሁልጊዜም እዚያ ጋ ነው የሚሰነጠቀው። ብየዳ የሚይዘው ደህና ብረት ሲያገኝ ነው። የሳሳውን ያቃጥለዋል፣ በዙሪያው ያለውን ጠባይ ይለውጠዋል። ሲቀዘቅዝ ይሸመቅቃል፣ ስለዚህ የብራቾው ልክ ይዛባል። ሙቀቱ ብራቾው ጫፍ ላይ ያለውን ላስቲክ፣ ጎሚኒውንም ይጠብሰዋል። ጠማማ የጠገገ ክንድ እንጀራ መቁረስ አያቅተውም። ጥቂት ሚሊሜትር የተዛባ ብራቾ ግን ጎማ ይጨርሳል። ወጌሻ ያሰረውን ሰው «እጅህን አታንቀሳቅስ» ይለዋል። የተበየደ ብራቾ ግን በማግስቱ አምስት ሰው ጭኖ የጎንደርን መንገድ ይይዛል። እዚያ ላይ ቢበጠስ የኋላው ጎማ መኪናውን በራሱ አቅጣጫ ይመራዋል፤ መሪ የያዘው ሰው ምንም ማድረግ አይችልም። ልጆች የተቀመጡት ከዚያ ጎማ በላይ ነው። የምቆጣው ለዚህ ነው።

ጥፋቱን ጣና ላይ የሚጥሉም አሉ። የጣና ውሃ ጨው የለውም። ዝገትን ክፉኛ የሚያፋጥነው ጨው ነው። ከአውሮፓ የመጣ አሮጌ መኪና በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት መንገድ ስንት ክረምት እንደተነዳ አስቡ። ብዙ ጊዜ ዝገቱ ተጀምሮ ነው የመጣው፤ የእኛ ክረምት ያስጨርሰዋል።

እንግዲህ ይቀየር። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ እሱንም ሻጩ ፊት በመዶሻ መትታችሁ አዳምጡ። ሞላው ብራቾው ላይ የሚቀመጥበት መኪና ከሆነ፣ ብራቾው ከሥር በክሪክ ሳይደገፍ ብሎን አይፈታም። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። ብሎኑ ከጎሚኒው ቱቦ ጋር በዝገት ከተጣበቀ ደግሞ፣ ነዳጅ ጋንና የፍሬን ቱቦ አጠገብ እሳት አትለኩሱ፤ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት፣ እምቢ ካለ ይቆረጥ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ወር የሚቀደደው በዚህ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን እስከ መጨረሻ አታጥብቁት። ጎሚኒው በዚያው እንደተንጠለጠለ ይታሰርና፣ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል። የብሎኑን ዳዶ በእጅ አስይዙት። መኪናውን መሬት አውርዱት፣ ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት፣ ክብደቱ ጎማው ላይ ሲያርፍ አጥብቁ። ከዚያ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ይሠራለት።