በጎጃም የኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋምና ማስመዝገብ

ጎጃም ውስጥ ተባብሮ መሥራት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ደቦው፣ ወንፈሉ፣ እድሩ፣ እቁቡ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ከነዚህ በአንድ ነገር ይለያል፤ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሕጋዊ ሰውነት አለው። በስሙ የባንክ ሂሳብ ይከፍታል፣ ውል ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ቢከስር እንኳ የአባሉ በሬ አይነዳም። የአባሉ ኃላፊነት ከዕጣው፣ ማለትም ማኅበሩ ውስጥ ካስገባው የገንዘብ ድርሻ፣ አያልፍም።

አሁን የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ከሱ በፊት 147/1991 ነበር፤ ያኛው ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር፣ ማለትም ግለሰቦች በቀጥታ አባል ለሚሆኑበት ማኅበር፣ ቢያንስ 10 አባላት ይጠይቅ ነበር። ወደ ኋላ ከሄድን የደርጉ 138/1970 አለ። በዕድሜ የገፉ ገበሬዎች «ማኅበር» ሲባሉ መጀመሪያ የሚጠራጠሩት ያን ዘመን አስታውሰው ነው። አምራች ማኅበር ማለት ያኔ መሬትንም በሬንም ማዋሃድ ነበር። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹን ገበሬው ራሱ አፈረሳቸው። ስለዚህ «አባልነት በፈቃድ ነው» የምትለው መርህ ስብሰባው ላይ ጮክ ተብላ ብትነበብ ደስ ይለኛል።

ሥራው የሚጀምረው ከመሥራቾች ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። መጻፍ የሚችለው ይፈርማል፤ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ከስሙ አጠገብ ያሳርፋል። ኮሚቴ ይመረጣል። የዕጣው ገንዘብ ተሰብስቦ ባንክ ይገባል። ከዚያ ማመልከቻው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የአባላቱ ዝርዝር፣ የሥራ ዕቅዱ፣ የባንክ ማስረጃውና መተዳደሪያ ደንቡ ተያይዘው ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይቀርባሉ።

ከሁሉም ከባዱ ደንቡ ነው። ብዙ ጊዜ ከሌላ ማኅበር ይገለበጣል። እኔ ያየሁት አንዱ የሌላ ወረዳ ስም ሳይሰረዝ ቀርቶበት ነበር። ይሄ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ነገ ሲጣሉ የሚዳኛቸው እሱ ወረቀት ነው። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ዋጋ እስኪወጣ ጎተራ ይቆያል። መርዓዊ አጠገብ በቆጋ መስኖ የሚለማው ሽንኩርት ግን አይጠብቅም። ገዢ ሳይመጣ ቢበሰብስ ኪሳራው የማን ነው? አባሉ ወይስ ማኅበሩ? የሽንኩርት አምራቾች ደንብ ይህን መመለስ አለበት። የጤፉን ቢገለብጡ አያገኙትም።

ሕጉ ራሱ የቆረጣቸው ነገሮችም አሉ። ሀብታሙም ድሃውም አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። ማንም ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም።

የተመዘገበ መሠረታዊ ማኅበር ዩኒየን ውስጥ፣ ማለትም የመሠረታዊ ማኅበራት ኅብረት ውስጥ፣ መግባት ይችላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ጎዛምን፣ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ዳሞት፣ ባሕር ዳር ላይ መርከብ አሉ። ማዳበሪያው ወደ ቀበሌ የሚደርሰው በአብዛኛው በነሱና በመሠረታዊ ማኅበራቱ መጋዘን በኩል ነው።