ስም ቢገለጥ ስድብ ይቆማል?

ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ፣ ቴሌግራም ግሩፕ የሌለው የኮንዶሚኒየም ብሎክ ማግኘት ይከብዳል። ውሃ መጣ፣ የጥበቃ ክፍያ ይዋጣ፣ ቀጥሎ ስድብ። ስድብ በተነሳ ቁጥር የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ሁሉም በመታወቂያ ስሙ ቢገባ ስድብ ይቆም ነበር»

ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ትልልቅ ድረ ገጾች የጸሐፊዎችን ማንነት እንዲያረጋግጡ በሕግ አስገደደች። ስድቡ የታሰበውን ያህል አልቀነሰም። ድረ ገጾቹ ግን የሕዝቡን የመታወቂያ ቁጥር አከማችተው ነበርና፣ በ2011 የ35 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች መረጃ ተሰረቀ። በ2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው።

እኛስ ጋ? ፌስቡክ ላይ በስሙ፣ በፎቶው፣ አንዳንዴም ልጁን አቅፎ የሚሳደብ ሞልቶ የለ! ተው የሚለው ከሌለ ስሙ ብቻውን አያሳፍረውም።

«ስሜን ከደበቅኩ ማንም አያገኘኝም»

ጎረቤት ላያገኝህ ይችላል። ቴሌግራም የሚከፈተው ግን በስልክ ቁጥር ነው፤ ሲም ካርድ የሚወጣው ደግሞ በመታወቂያ። ቴሌግራምም በሕጋዊ ትዕዛዝ ሲጠየቅ የሕግ ተላላፊዎችን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ በሴፕቴምበር 2024 (እ.ኤ.አ.) አሳውቋል። በእኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማስፈራራትና ስም ማጥፋት ያስቀጣሉ። «ቀልዴን እኮ ነው» አያዋጣም።

«ስሙን የደበቀ ተንኮል አለበት»

የኮሚቴው ሒሳብ ለምን አይታይም ብሎ መጠየቅ የፈለገ ተከራይ፣ አከራዩ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ካለ በስሙ ይጠይቅ? አንዱ እየተከታተለ የሚያስቸግራት ሴትስ ስሟን ከነቤት ቁጥሯ ታስነብብ?

«መልእክቱን ካጠፋው አለቀ፣ አድሚን ምን ያደርጋል?»

ብዙ ያደርጋል። የተሰረዙና የተስተካከሉ መልእክቶች አድሚኖች በሚያዩት መዝገብ ውስጥ ለ48 ሰዓት ይቆያሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስክሪንሾት ማንሳት ነው። ጭቅጭቁ ሲግል፣ አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ ደግሞ ለመጻፍ እስከ አንድ ሰዓት እንዲጠብቅ ማድረግም ይቻላል። የተናደደ ሰው ሰዓት ከጠበቀ ግማሹን ይረሳዋል።

ችግሩ፣ ቴሌግራም አድሚኑም በግሩፑ ስም ተሸፍኖ እንዲጽፍ መፍቀዱ ነው። የግድ ስሙ ይታወቅ የሚባል ሰው ካለ፣ ለእኔ እሱ ነው። ሰው የሚያስወጣው እሱ፣ መልእክት የሚሰርዘው እሱ። ነዋሪው ማን እንዳስወጣው ማወቅ አለበት፤ ቅሬታ ካለውም የማንን በር እንደሚያንኳኳ።