ከላፕቶፕ ወደ ስቴሪዮ ያለ ገመድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በዋይፋይ ሳጫውት ፓኬጄን ይጨርስብኛል»

ሰው አብዝቶ የሚፈራው ይህን ነው፤ ያለ ምክንያት ነው። ዘፈኑ ላፕቶፑ ውስጥ ካለ ከቤት አይወጣም፤ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ስቴሪዮው ይሄዳል፣ አለቀ። ያላመነ በኤርፕሌይ ወይም በዲኤልኤንኤ (ሁለቱም በቤት ዋይፋይ ድምፅ መላኪያ መንገዶች ናቸው) እያጫወተ ራውተሩን ሳያጠፋ የኢንተርኔቱን መስመር ብቻ ይንቀል፤ ሙዚቃው ይቀጥላል። ፓኬጅ የሚበሉት ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ስቴሪዮ ኖረም አልኖረም ይበላሉ። በብሉቱዝ ከሆነማ ራውተርም አያስፈልግም።

«የኔ ቴፕ የድሮ ነው፣ ይህን አይችልም»

ጀርባውን ዞር አድርገው ይዩት። «ኦክስ»፣ «ሲዲ» ወይም «ቴፕ ኢን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለው፣ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ገዝቶ እዚያ መሰካት ይበቃል። «ፎኖ» የሚለውን ግን ይተዉት። እሱ የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ድምፅ እንዲያጎላና ቤዙን እንዲያስተካክል የተሠራ ስለሆነ፣ ከመቀበያው የሚመጣው ጠንካራ ድምፅ ሲገባበት ተዛብቶ ይሰማል። «ስቴሪዮዬ ብሉቱዝ አይወድም» ከሚሉት አንዳንዶቹ እዚህ የሰኩ ይመስለኛል።

«ብሉቱዝ ድምፅ ያበላሻል»

ግማሹ እውነት ነው። ሲዲ በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ይዟል፤ የብሉቱዝ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት ኤስቢሲ የተባለው የድምፅ መጭመቂያ ዘዴ ግን በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ 328 ገደማ ነው የሚያሳልፈው። ነገር ግን ከፍላሽ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ ባለ 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ላይ ልዩነቱን የሚለይ ጆሮ ብርቅ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው ከፋይሉ ነው። ድምፁ በድንገት እንደ ስልክ ጥሪ ከጠበበ ደግሞ ላፕቶፑ መቀበያውን እንደ መነጋገሪያ ማዳመጫ ቆጥሮት ይሆናል። ዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው «ስቴሪዮ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይምረጡ፣ የተከፈተ የስብሰባ ፕሮግራም ካለም ይዝጉት።

«ከተቆራረጠ መቀበያው ተበላሽቷል»

ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭና ብዙው ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይጋፋሉ። መቀበያውን ከአምፕሊፋየሩ የብረት ጀርባ አውጥተው ከላይ ያስቀምጡት፤ ከተቻለ ዋይፋዩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይቀይሩ።

«ለሙዚቃ ከሆነ ለፊልምም ይሆናል»

ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ የሰከንድ አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ያህል ይዘገያል፤ ዘፈን ላይ አይታወቅም፣ የተዋናይ ከንፈር ላይ ግን ይታወቃል። ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ የ«ጄ» ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፤ ካለፈ በ«ኬ» ይመልሱት።