በቤት ውስጥ የሚሠራ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮላይዘር፦ የፕሌቶች አደራደርና ብልሽቱን የመለየት ዘዴ

የሃይድሮጅን ኤሌክትሮላይዘር የኤሌክትሪክ ጅረትን በውሃ ውስጥ በማሳለፍ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚከፍል መሣሪያ ነው። ዊሊያም ኒኮልሰንና አንቶኒ ካርላይል አዲስ በተፈለሰፈው የቮልታ ባትሪ ውሃን የከፈሉት እ.ኤ.አ. በ1800 ሲሆን፣ የሚወጣው ጋዝ መጠን ባለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ልክ እንደሚወሰን ማይክል ፋራዳይ በ1830ዎቹ አሳይቷል። ዛሬ የእጅ ሙያ ወዳዶች በግል የሚሠሩት መሣሪያ በአብዛኛው «ደረቅ ሴል» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስስ የስቴንለስ ስቲል ፕሌቶች በጎማ ጋስኬት ተለያይተው ይደረደሩና በሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መካከል በቡሎንና በዳዶ ይታሰራሉ። ፈሳሹ በፕሌቶቹ መካከል ብቻ ስለሚገኝና ጠርዞቻቸው ከጋስኬቱ ውጭ ደርቀው ስለሚቀሩ ስያሜው ከዚያ መጥቷል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ጋዙ ሲያንስ፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ወይም ፈሳሹ ሲደፈርስ፣ ሠሪው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የብረቱን ጥራት ወይም ውሃው ጅረት እንዲያሳልፍ የተጨመረበትን ኬሚካል ነው። ከዚያ በፊት ግን ሊመረመር የሚገባው የፕሌቶቹ አደራደር፣ ማለትም ከኃይል ምንጩ የሚመጣው ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። ይህን የሚናገር መለኪያ ሳይያዝ መሣሪያውን መፍታት አብዛኛውን ጊዜ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቮልቴጅ ክፍፍል

በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃን ለመክፈል በንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ 1.23 ቮልት ነው፤ ድርጊቱ ከአካባቢው ሙቀት ሳይወስድ እንዲካሄድ ደግሞ 1.48 ቮልት ያስፈልጋል። በተግባር፣ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በተዘጋጀ ፈሳሽ፣ በሁለት ተጎራባች ፕሌቶች መካከል ከ1.8 እስከ 2.2 ቮልት ሲኖር መሣሪያው በደንብ ይሠራል። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባለ 12 ቮልት ምንጭ በቀጥታ በሁለት ፕሌቶች ላይ ቢገናኝ፣ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ጉልበት 1.48 ለ12 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም ቢበዛ 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፈሳሹ የሚፈላውም በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከምንጩ ጋር በሽቦ ያልተገናኙ ገለልተኛ ፕሌቶችን በመካከል ማስገባት ነው። በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ ፕሌት መካከል አምስት ገለልተኛ ፕሌቶች ሲገቡ ስድስት ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ 12 ቮልቱም ለስድስት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 2 ቮልት ይደርሰዋል። ገለልተኛው ፕሌት በአንድ ገጹ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ገጹ ኦክስጅን ያመነጫል፤ አንዱ አምፔር በስድስቱም ክፍተቶች በተራ ስለሚያልፍ ስድስት ጊዜ ይሠራል። ሞተሩ በሚሠራ ተሽከርካሪ ላይ ቮልቴጁ ወደ 14 ስለሚጠጋ ስድስት ገለልተኛ ፕሌቶችና ሰባት ክፍተቶች ይስማማሉ። በጣም የተለመደው የአቆጣጠር ስሕተት ፕሌቶቹን መቁጠር ነው፤ መቆጠር ያለበት ክፍተቱ ሲሆን፣ እሱም ሁልጊዜ ከገለልተኞቹ ቁጥር በአንድ ይበልጣል።

ተጨማሪ ጋዝ የሚፈልግ ሰው ክፍተቶቹን ከማብዛት ይልቅ ሁለት ድርድሮችን ጎን ለጎን ያገናኛል፤ ኔጌቲቩን መሃል፣ ፖዘቲቮቹን በሁለቱ ዳር፣ በየመካከሉም አምስት አምስት ገለልተኛ አድርጎ በጠቅላላው 13 ፕሌት ይደረድራል። በአንድ ድርድር ላይ ክፍተት እየጨመሩ መሄድ ግን ተቃራኒ ውጤት አለው፤ 12 ቮልት ለአሥር ክፍተት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 1.2 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህም ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ልክ በታች ስለሆነ ምንም ያህል ኬሚካል ቢጨመር ጋዝ አያስገኝም።

ከተሰላው ጋር ማወዳደር

አንድ አምፔር በአንድ ክፍተት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ሲያልፍ፣ በ0 ዲግሪና በመደበኛ የአየር ግፊት 0.42 ሊትር ገደማ ሃይድሮጅንና የዚያን ግማሽ ኦክስጅን ያስገኛል። ስለዚህ 10 አምፔር የሚስብ ባለ ስድስት ክፍተት መሣሪያ በሰዓት ከ37 ሊትር በላይ፣ በደቂቃ 0.63 ሊትር ያህል ድብልቅ ጋዝ ሊሰጥ ይገባል። የተለካው ከዚህ በጣም ካነሰ ጅረቱ በሌላ መንገድ እያለፈ ነው፤ በጣም ከበለጠ ደግሞ ደስታን ሳይሆን ጥርጣሬን ሊያስነሣ ይገባል፤ ምክንያቱም ከሞቀ መሣሪያ የሚወጣው ከፊሉ የውሃ እንፋሎት ነው። በየትኛውም አደራደር ቢሆን ጋዙ ሲቃጠል የሚመልሰው ጉልበት ለማምረት ከወጣው ኤሌክትሪክ ያነሰ ነው፤ ጥሩ አደራደር ኪሳራውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ከክፍተት ወደ ክፍተት መለካት

የመልቲሜትሩ፣ ማለትም የቮልቴጅ መለኪያው፣ ገመዶች ኤሌክትሪክ ከመለቀቁ በፊት መታሰር አለባቸው፤ ጋዝ እየወጣ ሳለ ጫፋቸውን ከፕሌት ፕሌት ማዘዋወር ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የክፍተቶቹ ቮልቴጅ ሁሉ ወደ 2 የሚጠጋ ከሆነ አደራደሩ ጤናማ ነው፤ ጋዙ ያነሰው የፈሳሹ ጥንካሬ ወይም የፕሌቱ ስፋት ስላነሰ ነው። አንዱ ክፍተት ወደ ዜሮ ሲወርድ ሌሎቹ ከፍ ካሉ፣ ሁለት ፕሌቶች ተነካክተዋል፤ ጋስኬቱ ከልክ በላይ ተጨምቆ፣ ሲቆረጥ የቀረ ሾጣጣ ጠርዝ ተርፎ ወይም የብረት ፍቅፋቂ መሃል ገብቶ ይሆናል። በተቃራኒው አንዱ ክፍተት ብቻ 2.5 ወይም 3 ቮልት ካሳየ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ ፈሳሽ አልደረሰውም ወይም ጋዝ ታስሮበታል። የሁሉም ድምር ከምንጩ ቮልቴጅ በግልጽ ካነሰ ደግሞ ጥፋቱ ከሴሉ ውጭ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ወይም የላላ ዳዶ መሆኑን ማገናኛው ላይ ያለው ትኩሳት ያጋልጠዋል።

ከሁሉ አስቸጋሪው በቀዳዳዎቹ በኩል የሚያልፈው የጅረት ስርቆት ነው። ፈሳሹና ጋዙ እንዲዘዋወሩ በፕሌቶቹ ላይ የሚበሱት ቀዳዳዎች ሰፊ ሆነው በአንድ መስመር ላይ ሲገጥሙ፣ ጅረቱ ገለልተኞቹን ትቶ በፈሳሹ በኩል ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል። ምልክቱ በአምፔር መለኪያው ላይ ብዙ አምፔር እየታየ ጋዙ ከተሰላው ማነሱ፣ የመካከለኛዎቹ ክፍተቶች ቮልቴጅም ከዳሮቹ ዝቅ ማለቱ ነው። ቀዳዳዎቹን ማሳነስና በተከታታይ ፕሌቶች ላይ ቦታቸውን ማፈራረቅ ጅረቱ የሚሄድበትን የፈሳሽ መንገድ ያረዝመዋል፤ ፈሳሹን ማቅጠንም ይረዳል። ፕሌቶቹ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በሚነከሩበት አሠራር ጅረቱ በጠርዞቻቸው ዙሪያ ሁሉ ስለሚያልፍ፣ ጠርዞቹ ካልታሸጉ ገለልተኛ ፕሌት ማስገባት እምብዛም አይጠቅምም።

በፕሌቶቹ መካከል ያለው ርቀት በተለምዶ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ማጥበብ የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን ቢቀንስም አረፋው በቀላሉ መውጫ ያጣል። ሙቀትም ራሱን ያባዛል፤ የሞቀ ፈሳሽ ጅረትን ይበልጥ ስለሚያሳልፍ አምፔሩ ይጨምራል፣ አምፔሩ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል። ለየክፍተቱ ከ2 ቮልት እምብዛም የማይበልጥ አደራደርና አምፔርን የሚገድብ መቆጣጠሪያ ይህን ዑደት ይገቱታል።

ከአደራደር የማይለዩ አደጋዎች

በእነዚህ መሣሪያዎች ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ አይለያዩም፤ ሁለት ለአንድ በሆነ መጠን ተደባልቀው ስለሚወጡ፣ ድብልቁ ሌላ አየር ሳያስፈልገው በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። በኢንዱስትሪ መሣሪያዎች ሁለቱን የሚለይ ሽፋን በፕሌቶቹ መካከል ይገባል። ሽፋን በሌለው ሴል የሚመረተውን ጋዝ ማጠራቀምም ሆነ መጭመቅ ፈጽሞ አይገባም፤ በመውጫው ላይ ውሃ የያዘ የእሳት መግቻ ዕቃ ሊኖር፣ ሥራውም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሊካሄድ ይገባል።

አሉሚኒየም በአልካላይን ፈሳሽ፣ ማለትም ሃይድሮክሳይድ በተጨመረበት ውሃ፣ ውስጥ ይሟሟል፤ መዳብና ዚንክ የተቀባ ብረትም በፖዘቲቭ በኩል ቶሎ ይበላሉ። የሚመረጠው 316ኤል የሚባለው የስቴንለስ ስቲል ዓይነት ሲሆን ኒኬል ከሱም ይሻላል። የምግብ ጨው መርዛማ ክሎሪን ስለሚያወጣ አይጨመርም። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ካደላ ከብረቱ የወጣ ክሮሚየም ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ዓይነቱ ክሮሚየም ካንሰር የሚያመጣ በመሆኑ በእጅ መንካትም ሆነ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን እየቀያየሩ ማገናኘት የፕሌቱን ገጽ ያበላሻል፤ ስለዚህ ሲፈታ እያንዳንዱ ፕሌት ወዴት ይመለከት እንደነበር ምልክት ይደረግበታል።

ሴሉ ሲገጠም ዳዶዎቹ በሰያፍ እየተፈራረቁ በእኩል ይጠብቃሉ። ፈሳሽ ከመግባቱ በፊት ተጎራባች ፕሌቶች አለመነካካታቸው በመልቲሜትር፣ አለማፍሰሱም በንጹሕ ውሃ ይፈተሻል። ከዚያ ኬሚካሉ ወደ ውሃው፣ እንጂ ውሃው ወደ ኬሚካሉ ሳይሆን፣ በጓንትና በዓይን መከላከያ ቀስ ብሎ ይጨመራል፤ ከቀጭን ተነሥቶ የተፈለገው አምፔር እስኪደረስ ድረስ እየጠነከረ ሲሄድ በየደረጃው የክፍተቶቹ ቮልቴጅ ይመዘገባል።