የጓሮዋ ትንሽ ክፍል፦ የእንግሊዝ ገጠር ሽንት ቤትና ፍሳሽ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ

በ1900ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ገጠር ሽንት ቤት ማለት ጓሮ ጥግ ላይ የቆመች ጠባብ ክፍል ነበረች። ውስጧ ቀዳዳ ያለው የእንጨት መቀመጫ አለ። አንዳንዱ መቀመጫ ለትልቅና ለልጅ ተብሎ ሁለት ቀዳዳ ነበረው። ከሥሩ ወይ ጉድጓድ ነው ወይ ባልዲ። ግድግዳው ላይ የተቆራረጠ ጋዜጣ በምስማር ተንጠልጥሏል። ማታ የሚወጣ ሰው ፋኖስ ይይዛል።

ባልዲው ሲሞላ አባወራው ጓሮው ውስጥ ቦይ ቆፍሮ ይቀብረዋል። ኋላ እዚያው ላይ ድንች ወይ ጎመን ይተከላል። ነገሩ ኋላ ቀርነት ብቻ ይመስላል፤ ግን ጥሩ ሐሳብም ነበረበት።

ዶርሴት ውስጥ የፎርዲንግተን ደብር ቄስ የነበሩት ሄንሪ ሞል ይህን በደንብ አይተውታል። በ1849 እና በ1854 ኮሌራ ደብራቸውን መታው። ቄሱ ዓይነ ምድር ከደረቅ አፈር ጋር ሲቀላቀል በጥቂት ሳምንት ሽታው ጠፍቶ አፈር እንደሚሆን አስተዋሉ። በ1860 በአፈር ለሚሠራ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት አወጡ። ከመቀመጫው ጀርባ ደረቅና የተነፋ አፈር የሞላበት ሳጥን አለ። እጀታው ሲሳብ አፈሩ ይወርድና ያለብሰዋል። አንዲት ጠብታ ውሃ አያስፈልገውም! ትጋት ግን ይፈልጋል። በዚያ ዝናባም አገር አፈሩን ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዕቃ እጣቢ ከተደፋበት ደግሞ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ትልቁ አደጋ የሚጠጣው ውሃ ነበር። በብዙ ቤት ሽንት ቤቱና የውሃ ጉድጓዱ አንድ ጓሮ ይጋራሉ። በ1897 ሜድስቶን በምትባል የኬንት ከተማ ታይፎይድ ገብቶ ከ100 በላይ ሰው ገደለ። ወደ ከተማዋ ውሃ የሚላክባቸው የገጠር ምንጮች ተበክለው ነበር። ጥርጣሬው የወደቀው የቢራ ጌሾ ለመልቀም መጥተው በአካባቢው በሰፈሩ የቀን ሠራተኞች ቆሻሻ ላይ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን እነሱ ላይ መጣል ይከብደኛል። ሽንት ቤት ያልተሠራለት ሰው የት ይሂድ?

ሕግ አልጠፋም። የ1875ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ነበረ። በ1894 ደግሞ የገጠር ወረዳ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። እያንዳንዱ ምክር ቤት የጤና ሹምና የዛሬውን ሳኒታሪያን የሚመስል ተቆጣጣሪ ነበረው። የጤና ሹሙ ግን ብዙ ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ የአካባቢው ሐኪም ነው። የግል ሕመምተኛው የሆነውን ባለርስት «ኪራይ ቤትህ ቆሻሻ ነው» ማለት ቀላል አይደለም። ገንዘቡም አለ። የፍሳሽ መስመር ወጪ የሚጫነው ቧንቧው በሚዘረጋበት ደብር (እዚያ አገር ደብር እንደ ቀበሌ ያለ የአስተዳደር ክልልም ነው) ግብር ከፋዮች ላይ ነበር። ጥቂት መቶ ሰው ያለበት መንደር ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ጉዳዩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይንከባለላል።

ሳይንሱ በበኩሉ እየገሰገሰ ነበር። በ1896 ኤክሰተር በምትባል ከተማ መሐንዲሷ ዶናልድ ካሜሮን ሴፕቲክ ታንክን፣ ማለትም ፍሳሽ ተጠራቅሞ በተህዋስያን የሚብላላበትን ዝግ ገንዳ፣ አስተዋወቀ። በ1898 የተሠየመው የፍሳሽ ንጉሣዊ ኮሚሽን እስከ 1915 ሠራ። በ1912 ወደ ወንዝ ለሚለቀቅ ፍሳሽ የንጽሕና ልክ አወጣ፦ በዛሬው አለካክ በአንድ ሊትር ከ30 ሚሊግራም ያልበለጠ ተንሳፋፊ ቆሻሻ፣ እንዲሁም በ5 ቀን ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ የኦክስጅን ፍጆታ (ተህዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ ከውሃው የሚወስዱት ኦክስጅን ነው፤ ሲበዛ ውሃው ቆሻሻ ነው ማለት ነው)። ይህ ልክ ከእንግሊዝ አልፎ ብዙ አገር ገብቷል። ጓሮው ውስጥ ባልዲ ለሚቀብረው ገበሬ ግን ምንም አልፈየደለትም።

በጣም የሚያሳዝነው ቧንቧ ውሃ ሲገባ የሆነው ነው። ውሃ የገባለት ቤት በውሃ የሚታጠብ ሽንት ቤት ያስገባል። የፍሳሽ መስመር ግን የለም። በፊት በአፈር ደርቆ የሚቀበረው ነገር አሁን በውሃ ይበዛል። ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ መንገድ ዳር ቦይ፣ ከዚያም ወደ ወንዝ ይወርዳል። የ1934ቱ ሕግ ለገጠር ውሃ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ሲመድብ ፍሳሹን ትቶት ነበር። ውሃና ፍሳሽን አንድ ላይ ያየው፣ ለእንግሊዝና ዌልስም 15 ሚሊዮን ፓውንድ የመደበው የ1944ቱ ሕግ ነው። ቁፋሮው ግን ጊዜ ወሰደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በብዙ መንደር ባልዲው ገና ከሥራ አልወጣም ነበር።