«አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብሽ»፦ እንግሊዝኛ ላይ የሚቸግረው አባባል

ሰሞኑን የእህቴን ልጅ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ሳስጠናት «እስቲ አንተ ትብስ አንቺ ትብሽን በእንግሊዝኛ ጻፊው» አልኳት። ደብተሯ ላይ «ዩ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና አጠገቡ ሌላ «ዩ» ደገመች። ከዚያ እርሳሷን አስቀምጣ «ታዲያ ባልየው የቱ ነው?» አለችኝ።

በጣም ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው። አባባሉን በብዛት የምንሰማው ሠርግ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎች ሙሽሮቹን «አንተ ትብስ አንቺ ትብሽ ተባብላችሁ ኑሩ» ብለው ይመርቃሉ። «ትብስ» የመጣው «ባሰ» ከሚለው ግስ ነው። ዛሬ ባሰ ስንል ቶሎ የሚመጣልን «ሕመሙ ባሰበት» የሚለው ነው። እዚህ ግን መብለጥ ማለት ነው፦ ከእኔ አንተ ትበልጣለህ፣ ያንቺ ይቅደም። ሰሃኑ ላይ አንዲት እንቁላል ቀርታለች እንበል፤ እሷ ወደ እሱ ትገፋታለች፣ እሱ መልሶ ወደ እሷ፣ እንዲህ ሲገፋፉ ወጡ ይቀዘቅዛል። አባባሉ ይኼ ነው። «ትብሳለህ» ሳይል «ትብስ» ብሎ መቁረጡ ደግሞ የተረትና ምሳሌ ወግ ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደምንለው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። አማርኛ ላይ «አንተ» እና «አንቺ»ን ብናወጣቸው እንኳ ማን ለማን እንደሚናገር አይጠፋም፤ «ትብሽ» ላይ ያለችው «ሽ» ብቻዋን ትነግረናለች። ተውላጠ ስሞቹ የገቡት ለማጉላት ነው። እንግሊዝኛ ግን ግሱ ላይ ይህን ምልክት ስለማያደርግ ተውላጠ ስሙን መጣል አይቻልም፣ ሸክሙ የወደቀበት «ዩ» ደግሞ ወንድም ሴትም፣ አንድም ብዙም ነው። «አይ» ተሳቢ ሲሆን «ሚ»፣ «ሂ» ደግሞ «ሂም» ይሆናል፤ «ዩ» ንቅንቅ አይልም። አንድና ብዙ የሚለየው «ራስህን» እና «ራሳችሁን» ሲል ብቻ ነው፦ «ዩርሰልፍ» እና «ዩርሰልቭስ»።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለአንድ ሰው «ዘው» ይባል ነበር፤ «ዩ» የብዙ ነበር። ከዚያ ትልቅ ሰውን ለማክበር በብዙ ቁጥር መጥራት ተለመደ፣ ልክ እኛ «እርስዎ ይብሳሉ» ስንል ግሱን ከ«እነሱ ይብሳሉ» ጋር እንደምናመሳስለው። አክብሮቱ እየሰፋ ሄዶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ዘው»ን ከዕለት ንግግር ገፍቶ አስወጣው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ስለምናገኘው ብዙዎቻችን «ዘው» የክብር ይመስለናል። አንቱታው ግን «ዩ» ነበር!

የቀረን «ተባብላችሁ» ነው። እርስ በርስነቱን አማርኛ ግሱ ውስጥ ያስገባዋል፦ ተባባሉ፣ ተከባበሩ፣ ተዋደዱ። እንግሊዝኛ ለዚህ ራሱን የቻለ ተውላጠ ስም አለው፣ «ኢች አዘር»። ስለዚህ በመጨረሻ «ፑት ኢች አዘር ፈርስት»፣ አንዳችሁ ሌላችሁን አስቀድሙ፣ ብላ ጻፈች። ትርጉሙ ደርሷል። እሷ ግን ከሥሩ በእርሳስ ሁለት ሰው ሣለች፣ አንዷን ነጠላ አልብሳ።